አጥቢያ ኮከብ ገና አልበረደችም፦ ስለ ቬነስ እሳተ ገሞራ እስካሁን የታወቀው

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቶቹ "ደሴ! ደብረ ብርሃን!" እያሉ ሲጣሩ፣ በካራ በኩል ገና ሳይነጋ፣ ከሁሉም ደምቃ የምትታይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ዓመቱን ሙሉ አትገኝም፤ ለወራት ጠፍታ ደሞ ማታ ማታ በስተምዕራብ ብቅ ትላለች። አጥቢያ ኮከብ እንላታለን እንጂ ኮከብ አይደለችም። ጎረቤታችን ቬነስ ናት፣ እንደ ምድር አለታማ የሆነች፣ በስፋትም ከምድር ብዙም የማታንስ ፕላኔት።

በጥር 2025 መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው 5.7 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ የምንኖር ብዙዎቻችን በሌሊት ከአልጋ ወርደናል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም፦ ውስጡ የሚነቃነቀው የኛ መሬት ብቻ ነው?

አይደለም። ቬነስም ላይ እሳተ ገሞራ በኛ ዘመን እንደሚፈነዳ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ማስረጃው የተገኘበት መንገድ ደሞ ከግኝቱ አይተናነስም።

መጀመሪያ ችግሩን እዩት። ቬነስ በወፍራም የአሲድ ደመና ተሸፍናለች። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቢዞሩባት እንኳ የሚያዩት ደመናውን ነው። ወርዶ ማየትም ከባድ ነው፤ መሬቷ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፣ የአየሩ ግፊት ከምድር 90 እጥፍ በላይ ነው። በ1982 ያረፈችው የሶቪየቶቹ ቬኔራ 13 የሠራችው ለ127 ደቂቃ ብቻ ነበር። በቃ።

ስለዚህ የቀረው ራዳር ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ይልካል፣ መሬት ነክቶ ሲመለስ ይቀበላል፤ ደመናም ጨለማም አያግደውም። የናሳ ማጄላን መንኮራኩር ከ1990 ጀምሮ በዚህ መንገድ ቬነስን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አነሳት። ከዚያ ምስሎቹ ተቀመጡ። ለሠላሳ ዓመት።

ሮበርት ሄሪክ የተባለ የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እነዚያን አሮጌ ምስሎች አውጥቶ ጎን ለጎን ማየት ጀመረ። ምስሎቹ ከተለያየ አቅጣጫ ስለተነሱ ኮምፒውተር እንዲያወዳድራቸው ማድረግ አስቸጋሪ ነበር። 200 ሰዓት ገደማ በዓይኑ ሲያነጻጽር ቆይቶ፣ ማአት ሞንስ በሚባለው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው እሳተ ገሞራ ጎን ላይ አንድ ለውጥ አገኘ። በየካቲት 1991 ክብ የነበረና 2.2 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የእሳተ ገሞራ አፍ፣ ከስምንት ወር በኋላ ቅርጹ ተበላሽቶ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኗል። ውስጡም በቅልጥ አለት የተሞላ ይመስላል። ከባልደረባው ስኮት ሄንስሊ ጋር ልዩነቱ የአቅጣጫ ጉዳይ እንዳልሆነ ፈትሸው፣ መጋቢት 2023 ላይ ይፋ አደረጉት።

እርግጥ አፉ ፍንዳታ ሳይኖር ተደርምሶ ሊሆንም ይችላል የሚል ክርክር አለ። ግን ምድር ላይ ይህን የሚያህል መደርመስ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ቅልጥ አለት ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በ2024 ደሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች በዚያው የማጄላን መዝገብ ውስጥ፣ ሲፍ ሞንስና ኒዮቤ ፕላኒሺያ በሚባሉ ሁለት ሌሎች ቦታዎች፣ በ1990 እና በ1992 መካከል የፈሰሱ የሚመስሉ አዳዲስ ፍሳሾች አገኙ። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን እንጠራጠር ነበር፤ ሦስት ሲሆን ግን ይከብዳል።

ይሄ ከኛ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። ቬነስ ላይ ዴቫና ካዝማ የሚባል ረጅም ስንጥቅ አለ፤ ሳይንቲስቶች ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር ያወዳድሩታል። ልዩነቱ ቬነስ እንደ ምድር የሚገፋፉና የሚራራቁ ንጣፎች ያሏት አለመሆኗ ነው። የኛ ሸለቆ የሚሰፋው አፍሪካ እየተከፈለች ስለሆነ ነው። እንጦጦም ራሱ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሽቅብ ስትሮጡ የምትረግጡት ድንጋይ ማለት ነው።

መሣሪያውም አንድ ዓይነት ነው። በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምድር ክፍል በሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ይህን የለኩት ከሳተላይት የተነሱ የራዳር ምስሎች ናቸው፣ የ"በፊት"ና የ"በኋላ" ምስል ተነጻጽሮ። የፈንታሌው መንቀጥቀጥም ከሥር በሚገፋ ቅልጥ አለት የመጣ መሆኑ የታየው በዚሁ ዘዴ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በወጡበት ጊዜ፣ በየቴሌግራሙ ይዞር ከነበረው ወሬ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነበር።

ምድርን በየጥቂት ቀናት የሚያነሱ ሳተላይቶች አሉ። ቬነስ ግን ከማጄላን በኋላ፣ ማለትም ከ1994 ወዲህ፣ መሬቷን በራዳር ካርታ የሚያነሳ መንኮራኩር አልተላከላትም። የናሳው ቬሪታስ እና የአውሮፓው ኢንቪዥን ታቅደዋል፤ ከ2031 በፊት ግን አይነሱም። እስከዚያ የማጄላን ምስሎች በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ናቸው፣ በነጻ።