ወደ ልብ የሚወርደው ቱቦ፣ ጫፉ የት ደረሰ?

ያደግኩት በዴሳ ነው። ከወላይታ ሶዶ በስተምሥራቅ፣ ዳሞት ወይዴ ወረዳ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በሌሊት ወደ ቢላቴ ወንዝ የወረደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ወንዙ ሳይታይ ይሰማል። በቀረባችሁ ቁጥር ድምፁ ይጎላል፣ ስትርቁ ይደክማል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ በጠና ታማ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ሆስፒታሉን አልጠራም። የሚሰጣት መድኃኒት ኃይለኛ ስለነበረ እጇ ላይ ባለው ቀጭን የደም ሥር ቢሄድ ሥሩን ይጎዳዋል ተባለ። ስለዚህ ሐኪሙ ከአንገት አጥንቷ ሥር ረጅም ቀጭን ቱቦ አስገባላት። ካቴተር የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ "ቦታውን ለማረጋገጥ ራጅ ትነሳ" ተባለ፤ የራጅ ማሽኑ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። በአልጋ እየገፋን ወሰድናት፣ ተራ ጠበቅን። ፊልሙ ሲወጣ ቱቦው ወደ ልብ መውረድ ሲገባው ሽቅብ ወደ አንገቷ ሄዷል። ተነቅሎ እንደገና ተደረገላት። አሁን ደህና ናት። እኔ ግን ያኔ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩና ጥያቄው አልለቀቀኝም፦ ሐኪሙ ቱቦውን ሲገፋ፣ ጫፉ የት እንደደረሰ እዚያው በዚያው የሚነግረው ነገር እንዴት አይኖርም?

ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት መልስ አስገረመኝ። ነገሩ አለ፤ እንዲያውም ከእናቴ ዕድሜ ይበልጣል።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ደምን ከልብ የሚወስዱት ቧንቧዎች ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሱት ደም መልስ እንደሚባሉ ትምህርት ቤት ተምራችኋል። ደም መልሶች እንደ ወንዝ ናቸው። ጅረቶች ቢላቴን ይቀላቀላሉ፣ ቢላቴ አባያ ሐይቅ ይገባል። የክንድና የአንገት ደም መልሶችም ተገናኝተው አንድ ሰፊ ቧንቧ ይሆኑና ልብ ውስጥ፣ ቀኝ የላይኛው ክፍል ላይ ይፈስሳሉ። የካቴተሩ ጫፍ እንዲቆም የሚፈለገው ልክ ወንዙ ሐይቁን በሚነካበት ቦታ ነው። ወደ ኋላ ቢቀር ቧንቧው ጠበብ ስለሚል መድኃኒቱ ግድግዳውን ይጎዳል፣ ደም ይረጋል። በጣም ቢገባ ደግሞ ልብን እየነካካ ምቱን ያዛባል፤ አልፎ አልፎም ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሴንቲሜትር ነው።

በቱቦ ሰውነትን "መጠየቅ" ከጀመሩት አንዱ ሐኪም እንኳ አልነበረም፤ ስቴፈን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። በ1733 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንዲት ፈረስ ደም ቅዳ ውስጥ የናስ ቧንቧ አስገብቶ ከረጅም የመስታወት ቱቦ ጋር እንዳገናኘው ይተርካል። ደሙ ወደ 2.5 ሜትር ያህል ከፍ አለ። ቱቦው ራሱ የግፊት ሴንሰር ሆነ ማለት ነው። ብልሃቱ ዛሬም ይሠራል። መርፌው የገባው ደም መልስ ውስጥ ነው ወይስ በስህተት ደም ቅዳ ውስጥ? ውስጡ የሚታይ ቱቦ አያይዞ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። የደም መልስ ግፊት ጥቂት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ስለሆነ ደሙ ብዙ ጊዜ ከ10 ሴንቲሜትር ብዙም ሳያልፍ ይቆማል። ደም ቅዳ ከሆነ ግን ከአንድ ሜትር በላይ የማንሳት ጉልበት ስላለው በአጭሩ ቱቦ አናት ይፈስሳል። ባትሪ የለ፣ ስክሪን የለ። እንደ መሐንዲስ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ቱቦውን እስከ ሰው ልብ ያደረሰው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ቨርነር ፎርስማን በ1929 ከበርሊን ብዙ በማትርቀው ኤበርስቫልደ ከተማ የሚሠራ፣ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ጀማሪ ሐኪም ነበር። በክንድ ደም መልስ ገብቶ ልብ ድረስ መሄድ ይቻላል ብሎ አመነ። አለቃው ከለከለው። መሣሪያ ቤቱ ቁልፍ ያለው ነርሷ ጌርዳ ዲትሰን ጋ ነው፤ እሷን አሳመናት፣ እሷም "እኔ ላይ ሞክረው" አለች። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ካሰራት በኋላ ዞር ብሎ የራሱን ክንድ ከፈተና ለሽንት ቧንቧ የተሠራ ካቴተር ማስገባት ጀመረ። ታዲያ ልብ መድረሱን በምን ይወቅ? ቱቦው ክንዱ ውስጥ እንዳለ ደረጃ ወርዶ ራጅ ክፍል ሄደ። የማሽኑን ስክሪን በመስታወት እያየ ገፋው፤ 65 ሴንቲሜትር ያህል ሲገባ ጫፉ ቀኝ ልቡ ውስጥ ታየ። ፊልም አስነሳ። (እናንተ እንዳትሞክሩት!)

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያወራው ለድፍረቱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ደረጃው ነው። ያ ደረጃ አክስቴን በአልጋ የገፋንበት ግቢ ነው እኮ። ራጅ ጫፉን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ግን ታማሚው ወደ ማሽኑ ይሄዳል ወይም ማሽኑ ወደ ታማሚው ይመጣል፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ፎርስማን በ1956 ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲካፈል የልብን ነገር ትቶ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሆኖ ነበር።

ያለ ራጅ ማወቅ ይቻላል? በ1970 ጄረሚ ስዋንና ዊልያም ጋንዝ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያላት ካቴተር አስተዋወቁ። ፊኛዋ በደሙ ፍሰት እየተገፋች ትሄዳለች፤ ስዋን ሐሳቡ የመጣለት ባሕር ላይ ጀልባዎች በሸራ ሲሄዱ እያየ እንደሆነ ተናግሯል። የሚመራቸው ግን የግፊቱ ሞገድ ነው። እያንዳንዱ የልብ ክፍል የራሱ የግፊት ቅርጽ ስላለው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሲለወጥ "አሁን ይህን በር አለፍን" ይባላል።

አሁን ወደ ቢላቴ እንመለስ። ልብ በእያንዳንዱ ምት ኤሌክትሪክ ታወጣለች። ቪለም አይንትሆቨን የተባለው ሆላንዳዊ ይህን የመዘገበበት የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማሽን ወደ 270 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ኢሲጂ በእጅ ይያዛል። ኢሲጂ ላይ ከትልቁ ሹል በፊት የምትታየው ትንሽ ጉብታ ፒ ሞገድ ትባላለች። የምትነሳው ከልብ ተፈጥሯዊ የምት ማስጀመሪያ ነው፤ እሱ ያለው ደግሞ ልክ ሰፊው ደም መልስ ልብን በሚነካበት ቦታ አጠገብ ነው! ካቴተሩ እንዲቆም የምንፈልግበት ቦታና ድምፁ የሚወጣበት ቦታ ጎረቤት ናቸው ማለት ነው።

በ1949 አሜሪካዊው ሄርማን ሄለርስታይንና ባልደረቦቹ፣ በጨው ውሃ የተሞላ ተራ ካቴተር ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሆኖ ከውስጥ ያለውን ምልክት እንደሚያወጣ አሳዩ። ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ይኸው ነው ምስጢሩ። በቀኝ እጅ ላይ የሚለጠፈውን የኢሲጂ ገመድ አንስቶ ከካቴተሩ ጋር ማያያዝ ነው። ቱቦው ሲገፋ ፒ ሞገድ ታድጋለች፣ ታድጋለች፣ መግቢያው ላይ ከሁሉም ትልቅ ትሆናለች። ጫፉ ልብ ውስጥ ጠልቆ ሲገባ መጀመሪያዋ ላይ ወደ ታች የሚሰብር ቁራጭ ይመጣባታል። ያኔ ሐኪሙ ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል። ቱቦው እንደ አክስቴ ወደ አንገት ቢወጣስ? ፒ ሞገድ አታድግም። ወንዙን የሚፈልግ ሰው ድምፁ ካልጎላለት መንገድ መሳቱን ያውቃል።

በቤተ ሙከራ ይህን በባልዲ ሠርቼዋለሁ። ጨው ውሃ፣ ከምልክት ማመንጫ ጋር የተያያዙ ሁለት ሽቦዎች እንደ "ልብ"፣ አንድ የጨው ውሃ የሞላበት ቱቦ። ምልክቱ ቱቦው ሲጠጋ ተነሳ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ የገባ ዕለት ግን መስመሩ በጫጫታ ተሞላ፤ ግማሽ ቀን ገመድ ስፈትሽ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙ ናቸው። አልትራሳውንድ መርፌው የትኛው ሥር ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል፤ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2002 ለአንገት ደም መልስ መክሮታል። ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ማግኔት ያላቸው ካቴተሮችም አሉ፤ ደረት ላይ የተቀመጠ ሳህን መግነጢሳዊ መስካቸውን እየተከተለ መንገዳቸውን ይስላል። ጥሩ ናቸው፣ ውድ ናቸው። ራጁ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ለሆነበት ሆስፒታል ግን፣ በእኔ ግምት፣ ቅድሚያ የሚገባው የ1949ኙ ነው። የኢሲጂ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው ማያያዣውና ሥልጠናው ነው።

አንድ ትልቅ እንቅፋት ግን አለ፤ ለእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዳ ልብ፣ ላይኛው ክፍሉ እየተንቀጠቀጠ ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል። ያኔ ፒ ሞገድ ጭራሽ የለችም፤ በእሷ ቦታ ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ብቻ ይታያሉ። እነዚህ መንቀጥቀጦችም ጫፉ ሲቀርብ እንደሚጎሉ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። እኔም በባልዲዬ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ሥርዓት በሌለው ምልክት እያንቀጠቀጥኩ፣ በዚያ ጫጫታ መሃል "መጠጋትን" መለየት የሚችል ቀላል ስሌት እየፈለግሁ ነው።