ዘረመላዊ አጋላጭ
«ጄኔቲክ ሪስክ ፋክተር» የሚለውን ስያሜ «በዘር የሚመጣ መንስኤ» ብሎ መመለስ ይቀናናል። ስለ ግላኮማ ሲሆን ግን ይህ አጠራር ሕመምተኛውንም ቤተሰቡንም ያሳስታል፤ «ዘረመላዊ አጋላጭ» ብንለው ይሻላል። አጋላጭ የመታመምን ዕድል ከፍ ያደርጋል እንጂ በሽታውን አይወስንም። ግላኮማ የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳባቸው በሽታዎች ስብስብ ነው። በ2021 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት በብዛት ከሚታየው የግላኮማ ዓይነት ጋር የተያያዙ 127 የዘረመል ስፍራዎችን ለይቷል፤ አብዛኞቹ ለየብቻቸው የሚጨምሩት ስጋት ጥቂት ነው። ነገሩን ጉልህ አድርጎ የሚያሳየው በ2007 የታወቀው ኤል ኦ ኤክስ ኤል 1 የተባለው ዘረመል ነው። በሌንሱ ፊትና በብሌኑ ጠርዝ ላይ ፎረፎር መሰል ነጭ ብናኝ የሚታይበት፣ የአገራችን የዓይን ሐኪሞችም በደንብ የሚያውቁት የግላኮማ ዓይነት አለ። የኤል ኦ ኤክስ ኤል 1 አንዳንድ ቅርጾች በዚህ ዓይነት ግላኮማ በተያዙ አውሮፓውያን ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ተገኝተዋል፤ ግን በሽታው ኖሮባቸው በማያውቁ እጅግ ብዙ ሰዎችም ላይ አሉ። የበለጠ የሚያስገርመው፣ ከቅርጾቹ አንዱ በጃፓናውያን፣ ሌላው በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ዘንድ ሲጠና ግንኙነቱ ተገልብጦ መገኘቱ ነው። መንስኤ ያልነው ነገር እንዲህ ከሕዝብ ሕዝብ ፊቱን ሊያዞር አይችልም።

«ማዮሲሊንስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግላኮማን እንደሚያስከትል በ1997 የታወቀው ይህ ዘረመል ሲበላሽ፣ የተዛባው ፕሮቲን የዓይን ውስጥ ፈሳሽ በሚወጣበት መስመር ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ይከማቻል፤ በአንዳንድ ቤተሰቦችም ገና በወጣትነት የዓይን ግፊት እጅግ ይንራል። እዚያ ላይ «መንስኤ» ማለት አያስነቅፍም። ይሁንና በአዋቂዎች ላይ በብዛት ከሚታየው ግላኮማ የማዮሲሊን ድርሻ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል ብቻ ነው። ለጥቂቶች የተሰፋውን ስም ለሁሉም ማልበስ አይገባም።

«አጋላጭ» ሲባል ሰው ይዘናጋል የሚለው ስጋት ይበልጥ ያሳስበኛል። ሆኖም መልሱ ቃሉን ማክበድ ሳይሆን ቁጥሩን መናገር ነው። በሆላንድ ሮተርዳም በተደረገ ጥናት፣ የግላኮማ ሕሙማን ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች በዕድሜ ዘመናቸው የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 22 ገደማ ሆኖ ሲገመት፣ በሽታው የሌለባቸው ሰዎች ዘመዶች ዕድል 2.3 ብቻ ነበር። ከብዙ ዘረመሎች ተደምረው የሚሰሉ የተጋላጭነት ነጥቦች በአመዛኙ በአውሮፓውያን መረጃ የተሠሩ በመሆናቸው ለአፍሪካውያን ብዙም አይሠሩም፤ ስለዚህ ለእኛ «ከቤተሰብህ ግላኮማ ያለበት አለ?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ዋጋ አለው። አዎ የሚል ሰው ምንም ባይሰማውም ግፊቱን ይለካ፣ የዓይኑን ነርቭም ያስመርምር። የጠፋ እይታ አይመለስም፤ በጊዜ የተገኘ ግላኮማ ግን ግፊት በሚቀንስ ጠብታ ሊገታ ይችላል። ሐኪሙም ግላኮማ እንዳለበት ለሚነግረው ሕመምተኛ በዚያው ቀን «ወንድሞችህና ልጆችህም ይመርመሩ» ሊለው ይገባል።