የጎማ ቡሎን ስንት ላይ ይጥበቅ? ቶርክን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው መቀየሪያ

ከሮቤ ተነስታችሁ በጎባና በሳነቴ አድርጋችሁ ወደ ደሎ መና ልትወርዱ ነው እንበል። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ጎማ አስቀየራችሁ። ጎሚስታው ቶርክ ሬንች አለው፤ እሰየው! ችግሩ የሱ ሬንች የሚያነበው በፓውንድ ፉት ነው፤ የመኪናችሁ ማኑዋል ደግሞ የሚናገረው በኒውተን ሜትር። ቁጥሩን እንዳለ ከወሰዳችሁት ቡሎኑ ወይ ይላላል፣ ወይ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

ስለዚህ ይህችን ነገር ስልካችሁ ላይ ያዟት 👇

📌 ቶርክ ምንድን ነው?

ቶርክ የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የሚገኘውም የምትጫኑት ጉልበት በመፍቻው ርዝመት ሲባዛ ነው። ለምሳሌ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፍቻ ጫፉ ላይ የ35 ኪሎ ክብደት ያህል ብትጫኑት፦

35 × 0.3 = 10.5 ኪሎግራም ሜትር

መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክታችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ብታደርሱት ደግሞ 17.5 ኪሎ ብቻ ይበቃል። "ቱቦ ካለ ይቀላል" የሚባለው ለዚህ ነው።

📌 መቀየሪያው (ስክሪንሾት አድርጉት)

🔹 ኪሎግራም ሜትርን ወደ ኒውተን ሜትር፦ በ9.81 አባዙ
🔹 ኒውተን ሜትርን ወደ ኪሎግራም ሜትር፦ ለ9.81 አካፍሉ
🔹 ፓውንድ ፉትን ወደ ኒውተን ሜትር፦ በ1.356 አባዙ
🔹 ኒውተን ሜትርን ወደ ፓውንድ ፉት፦ ለ1.356 አካፍሉ
🔹 ኪሎግራም ሜትርን ወደ ፓውንድ ፉት፦ በ7.23 አባዙ
🔹 ኪሎግራም ሳንቲ ሜትርን ወደ ኪሎግራም ሜትር፦ ለ100 አካፍሉ
🔹 ፓውንድ ኢንችን ወደ ፓውንድ ፉት፦ ለ12 አካፍሉ

ካልኩሌተር ከሌለ በግምት፦ ኪሎግራም ሜትር ላይ አንድ ዜሮ ስትጨምሩ ወደ ኒውተን ሜትር ትጠጋላችሁ። ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ግን መልሱን ለማመሳከር እንጂ ለማጥበቂያ አይሁን።

📌 በምሳሌ እንየው

የብዙ ቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች የጎማ ቡሎን ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይሄው ቁጥር 1,050 ኪሎግራም ሳንቲ ሜትር ወይም 76 ፓውንድ ፉት ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው! (የእናንተ መኪና ልኩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ማኑዋሉን እዩ።)

አሁን ስህተቱን ተመልከቱ፦

❌ 76ን ኒውተን ሜትር ነው ብሎ ያጠበቀ፦ ሩብ ያህል ጎደለው። ቡሎኑ በኮረኮንች እየተናጠ ሊላላ ይችላል።
❌ 103ን ፓውንድ ፉት ነው ብሎ ያጠበቀ፦ ወደ 140 ኒውተን ሜትር ደረሰ። ከሲሶ በላይ አለፈ ማለት ነው። ጥርሱ ሊበላ፣ ቡሎኑም ሊበጠስ ይችላል።
❌ መፍቻው ላይ የሚቆመውስ? 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆም 30 ኪሎግራም ሜትር፣ ማለትም ወደ 294 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ከሚፈለገው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

📌 እርሻ ላይስ?

በሲናናና በአጋርፋ የስንዴ ማሳ ላይ የሚሠሩት ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ከተለያየ ሀገር የመጡ ናቸው። እንግሊዝ የተሠራ የድሮ ማሲ ፈርጉሰን ማኑዋል በፓውንድ ፉት ይናገራል። የሶቪየት ዘመን ቤላሩስ በኪሎግራም ሜትር፣ አዳዲሶቹ የአውሮፓ ማሽኖች ደግሞ በኒውተን ሜትር። አንዱን ቶርክ ሬንች ይዞ ሁሉንም የሚጠግን ልጅ መቀየሪያውን ካላወቀ የቴስታታ ቡሎን ላይ ይሳሳታል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ማሽኑም በአጨዳ ሰሞን ይቆማል።

ስህተቱ የጋራዥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ያሰላውን ቁጥር ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ስለወሰደው ነው።

📌 ከማጥበቃችሁ በፊት

✅ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን መለኪያ አንብቡ። "አሥር ኪሎ" ብቻ አይበቃም፤ በሜትር ነው በሳንቲ ሜትር? ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው።
✅ የቡሎኑን ጥርስ ጥረጉ። ማኑዋሉ ካላዘዘ ቅባት አታድርጉ፤ የተቀባ ቡሎን በዚያው ቁጥር ከልክ በላይ ይጠብቃል።
✅ በዙሪያ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።
✅ የመጨረሻውን ልክ የምትሰጡት ክሪኩ ወርዶ ጎማው መሬት ሲነካ ነው።
✅ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ። ከሳነቴ ቁልቁለት በኋላ ከሆነ ፍሬኑና ቸርኬው እስኪበርድ ጠብቁ።

ለሹፌር ወይም ጋራዥ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏