የዋልታው ሰማይ ለምን ብልጭ ድርግም ይላል? የእኛስ ሰማይ?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መታ። አረንጓዴና ቀይ ሰማይ ያለባቸው ፎቶዎች ፌስቡክና ቴሌግራምን ሞሉት። ብርሃኑ አውሮራ ይባላል። እኛ ጋ ለምን እንደማይታይ እንንገራችሁ።

አውሮራ እንዴት ይፈጠራል?
ኤሌክትሮኖች የምድርን መግነጢሳዊ መስመሮች ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳሉ። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ብርሃን ይወጣል። አረንጓዴው ከኦክስጅን ነው፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ያው ኦክስጅን ቀይ ይሰጣል።

ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?
ኤሌክትሮኖቹ እኩል ስለማይወርዱ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፦
• ቀርፋፋው በየጥቂት ሰከንዱ ይበራል፣ ይጠፋል። ሩቅ ህዋ ላይ ያሉ ሞገዶች ኤሌክትሮኖቹን እየቆራረጡ ወደ ታች ይልኳቸዋል። የጃፓኗ ሳተላይት አራሴ ይህን በቀጥታ መዝግባለች፤ ጥናቱ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል።
• ፈጣኑ በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በሺዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ የአዮን ሞገዶች የሚወርዱትን ኤሌክትሮኖች ሲያወዛውዟቸው የሚመጣ ነው።

ከቁስቋም ለምን አይታይም?
እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ስሙ የፀሐይ ተራራ ነው፤ የፀሐይ ማዕበል ግን እዚያ በብርሃን አይገለጥም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። መስመሮቹ እዚህ ወደ መሬት አይወርዱም፣ ጋደም ይላሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን ወደ እኛ የሚያወርድ መንገድ የለም።

የእኛ ሰማይም ግን ይርገበገባል
በዓይን አይታይም እንጂ! ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው አየር ውስጥ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው ግዙፍ አረፋዎች ይነሳሉ። የጂፒኤስ ሲግናል በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይም በምትበረታባቸው ዓመታት ይብሳል።

ማፕ ላይ ያላችሁበት ነጥብ በዘለለ ቁጥር ግን ሰበቡ ይኼ ነው ማለት አይደለም፤ ሕንፃና ገደልም ያሳስቱታል። ዋናው ችግር በሴንቲ ሜትር ለሚለካ ቀያሽና ለአውሮፕላን ጉዞ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ ኖሯል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ ሰማይ የሚያጠና ዋሸራ የተባለ ላቦራቶሪ አለው። ፊዚክስ ለምትወዱ የጎንደር ልጆች፣ ዓለም ሊያጠናው የሚፈልገው ሰማይ ከራሳችሁ በላይ ነው።