ባርቡርካ፦ የፖላንድ ማዕድን ሠራተኞች በዓል

በደቡብ ፖላንድ፣ በላይኛው ሲሌዥያ፣ በየዓመቱ ዲሴምበር 4 ቀን ገና ሳይነጋ የሙዚቃ ጓድ በማዕድን ሠራተኞች መንደር እየዞረ ነዋሪውን ይቀሰቅሳል። ዕለቱ የቅድስት ባርባራ በዓል፣ በአገሬው አጠራር «ባርቡርካ» ነው። ሠራተኞቹ ጥቁር የክብር ልብስ ለብሰው፣ ላባ የተሰካበት ቆብ ደፍተው ለጸሎት ይሄዳሉ፤ የቆፋሪው ላባ ጥቁር፣ የመሐንዲሱ ነጭ፣ የሙዚቀኛው ቀይ ነው። ገበሬውም በበኩሉ ሰማዩን ይመለከታል፤ የባርባራ ዕለት ዝናብ ከሆነ የገና ዕለት በረዶ ይሆናል ይባላልና።

በትውፊት እንደሚነገረው ባርባራን ስለ ሃይማኖቷ የገደላት አባቷ ወዲያውኑ በመብረቅ ተመትቶ ሞተ። ከዚህም የተነሣ እሳትና ድንገተኛ ሞት የሚያሰጋቸው መድፈኞችና ማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂያቸው አደረጓት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳርም ቅድስት በርባራን ታኅሣሥ 8 ቀን ያስባታል፤ ይህም በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 4 ነው።

ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ሚቴን ከአየር ጋር ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ያህል ሲቀላቀል በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለሆነም ሠራተኛው ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት በመሰብሰቢያው አዳራሽ ከቅድስቲቱ ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልይ ነበር።

አዲስ ገቢው ወደ ሙያው የሚቀላቀለው በቆዳ ላይ በመዝለል ነው። ቆዳው ቀድሞ ቆፋሪው ከኋላው ታጥቆ የሚቀመጥበትና በተዳፋቱ የሚንሸራተትበት የሥራ ልብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በተከፈተው የክራኮው የማዕድን አካዳሚም ተማሪዎች ይህንኑ ሥርዓት ይፈጽማሉ።

በ1949 የሶሻሊስቱ መንግሥት ዕለቱን በድንጋጌ «የማዕድን ሠራተኛ ቀን» ብሎ ሰየመው፤ ሥዕሎቹም ከብዙ አዳራሾች ተነሡ። ሰልፉና ላባው ግን እንደነበሩ ቆዩ፤ በ1980 ከታላቁ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ቅድስቲቱ ወደየአዳራሹ ተመለሰች። በቀጣዩ ዓመት፣ ከበዓሉ 12 ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1981፣ በካቶቪትሰ በሚገኘው ቩየክ የከሰል ማዕድን አድማ ላይ የነበሩ 9 ሠራተኞች በመንግሥት ኃይል ተኩስ ተገደሉ።

በ2021 መንግሥትና የሠራተኛ ማኅበራት በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የአገሪቱ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች እስከ 2049 ድረስ በየተራ እንዲዘጉ ተወስኗል። በዓሉን ድንጋጌ አላጠፋውም፤ ያጸናው በጉድጓዱ ውስጥ የነበረው አደጋና ከአደጋው የተወለደው ወንድማማችነት ነበርና። ጉድጓዱ ሲዘጋ የሚፈተነውም ይኸው ወንድማማችነት ነው።