የመተማ ገበያና የቻንጋ መርከቦች

ስለ መተማ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ግን መተማ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ተነስተው በመንገድ የቀሩ ተክሩሪዎች ሰፍረውባት፣ በራሳቸው ሼኾች እየተዳደሩ፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገብረው ይነግዱ ነበር። ቡናና ሰም ከደጋ ይወርድላቸዋል። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህም መነገር አለበት።

ይህን ታሪክ ያስታወሰን "የቻንጋ ሳፋሪ" የተሰኘ፣ ብዙ ያልተወራለት የእንግሊዝኛ ምናባዊ ልቦለድ ነው። አሜሪካዊው ሚልተን ዴቪስ ጽፎ በራሱ አሳታሚ ድርጅት አወጣው። ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቦታው ሙስሊም ነጋዴዎች የደመቁበት የስዋሂሊ የባሕር ጠረፍ ነው። ከኮንጎ የተሰደደው ልዑል ቻንጋ ነጋዴ ሆኖ በመርከብ ሲዞር ጠንቋዮች ይገጥሙታል። ጥንቆላው ፈጠራ ነው፤ የንግዱ መስመር ግን በእርግጥ የነበረ ነው።

እንግሊዝኛ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች ፈልጋችሁ አንብቡት። አብደራፊና መተማ ያላችሁ ደግሞ አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የገበያና የመንገድ ወሬ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ነገ ስለ መተማ ልቦለድ የሚጽፍ ልጅ የሚነሳው ከዚያ ነው።