ካህን ሲያንስ ቤተ ክርስቲያኑ የማን ነው?

በግንቦት 2004 እ.ኤ.አ. የቦስተን ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ሾን ኦማሊ፣ በሀገረ ስብከታቸው ካሉት ከ350 የሚበልጡ ቁምስናዎች (እኛ አጥቢያ የምንላቸው) ከ60 በላይ የሚሆኑት እንደሚዘጉ አስታወቁ። ካህናት አንሰዋል፣ እሑድ የሚያስቀድሰው ሕዝብ ቀንሷል፣ ሕንፃ መጠገኛ ገንዘብም የለም አሉ።

ሦስቱም እውነት ነበር። የአየርላንድ፣ የጣሊያንና የፖላንድ ስደተኞች በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ያነጹት ካህን በሞላበት ዘመን ነው። ልጆቻቸው ወደ ከተማ ዳርቻ ሄዱ፤ ከ1960ዎቹ ወዲህም ክህነትን የሚመርጥ ወጣት እየጠፋ መጣ።

ሕዝቡ ግን ሌላም የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። ካርዲናል በርናርድ ሎው ሕፃናትን የደፈሩ ካህናትን ከቦታ ቦታ ማዛወራቸው ተጋልጦ በ2002 መጨረሻ ከሥልጣን ወርደዋል። በ2003 ሀገረ ስብከቱ ከ500 ለሚበልጡ ተበዳዮች 85 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። ኦማሊ ካሳው ከተዘጉት ቁምስናዎች ሽያጭ አይከፈልም ቢሉም ብዙዎች አላመኗቸውም።

ምዕመናኑ ጭራሽ አልተጠየቁም ማለት አይቻልም። ጎረቤት ቁምስናዎች ተሰብስበው ከመካከላቸው የሚዘጋውን እንዲጠቁሙ ተደርጓል። ነገር ግን የተጠየቁት «የትኛው ይዘጋ?» ተብለው እንጂ «ይዘጋ ወይ?» ተብለው አልነበረም።

በባሕር ዳርቻዋ ሲቹዌት ከተማ የስደተኞች ጠባቂ በምትባለው በቅድስት ፍራንቼስካ ካብሪኒ ስም የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን በጥቅምት 2004 «አንወጣም» አሉ። ቀንና ሌሊት ተራ ገብተው ጠበቁት፤ እሑድ እሑድ ያለ ካህን ጸለዩ። ለቫቲካን ይግባኝ ብለው ተረቱ፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤትም ተረቱ። በግንቦት 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳያቸውን አላይም ሲል፣ ከ11 ዓመት ተኩል በኋላ ወጡ።

ሊቀ ጳጳሱም የሚሉት ነበራቸው። ያለ ካህን ቅዳሴ የለም፤ ያለ ቅዳሴም ቁምስና ሙሉ አይሆንም። ሆኖም የካቶሊክ ቀኖና ራሱ ሁለት ነገር ይለያል። ጳጳሱ የካህናቱን ጉባኤ ሰምቶ ቁምስናዎችን ማዋሐድ ይችላል። ሕንፃውን ከአምልኮ ለማውጣት ግን ከባድ ምክንያት ያስፈልገዋል። ቫቲካን በ2013 ባወጣችው መመሪያ፣ ሀገረ ስብከቱ የአብያተ ክርስቲያናትን ቁጥር ለመቀነስ ያወጣው ጠቅላላ ዕቅድ ብቻውን ከባድ ምክንያት እንደማይሆን ገልጻለች። እንደ እኔ፣ የቦስተን ቁስል ይህ ልዩነት ለምዕመኑ በጊዜ ስላልተነገረው የከፋ ነው። ካህኑን ከጎረቤት ቁምስና ጋር መጋራትና የአያቶችን ቤት ማጣት አንድ ዕዳ ሆነው ቀረቡለት።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በገጠር አገልጋይ አጥተው የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት አሉን። በአሜሪካ ደግሞ በርካታ አጥቢያዎቻችን የሚቀድሱት ሌሎች ከሸጧቸው ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ያን ሕንፃ የገዛነው ብዙ ልጆች ይዘን ነው፤ የሸጡልንም በጊዜያቸው እንደዚያው ነበሩ። ዛሬ ዲያቆን የማያሠለጥን፣ የንብረቱ ባለቤት ማን እንደሆነም በግልጽ ጽፎ የማያስቀምጥ አጥቢያ፣ ጥያቄው ሲመጣ መልሱን ከዳኛ ይሰማል።